ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፦ ስለ ፒክ አፕ ተጨማሪ መብራት ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር ሹፌሮችና ባለ ፒክ አፖች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። ማንም ሰው ለፒክ አፑ ተጨማሪ መብራት በግማሽ ሰዓት በራሱ መግጠም ይችላል ይላል። ዋና ዋና ምክሮቹ እነዚህ ናቸው፦ ኤልኢዲ ብዙ ስለማይበላ ከፓርኪንግ መብራት ሽቦ ጠልፎ ማብራት ይቻላል፣ ሪሌም (በትንሽ ጅረት የሚታዘዝ ማብሪያ) ትርፍ ወጪ ነው፤ ፊውዝ ከመብራቱ አጠገብ ይደረግ፣ ከተቃጠለም ከፍ ያለ ቁጥር ይግባ፤ የቤት ሽቦ ይበቃል፤ ማሳ (ጅረቱ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት) የትም ቢታሰር ያው ነው፤ ሪሌ ካልተደረገ አይሆንም የሚል ሰው ምልክቱን ከረጅም መብራቱ ሽቦ ይውሰድ፤ መገጣጠሚያው ተጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቅለል፤ ለሊማሊሞ ጭጋግ ደግሞ ጣራው ላይ ረጅም የመብራት ባር ይሰቀል።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት ከአጻጻፋቸው ይታወቃል። ፍላጎቱም እውነተኛ ነው። በሐምሌ ምሽት ከደባርቅ ሊማሊሞን የወረደ፣ በሰሊጥ ወቅት ሌሊት ከመተማ በአዘዞ በኩል የገባ ሹፌር የፋብሪካው መብራት እንደማይበቃው ማንም ሊነግረው አይገባም። ችግሩ ጽሑፉ ነገሩን ሁሉ በመብራቱ በኩል ማየቱ ነው፤ ስንት ዋት ነው፣ ስንት ሜትር ያሳያል እያለ። መኪና የሚያነደው ግን መብራቱ ሳይሆን በኮፈንና በዳሽቦርድ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ምክሮች አብዛኞቹ ስህተት የሆኑትም ሽቦውን ስለረሱት ነው።

ከፓርኪንግ መጥለፍ

ሒሳቡን እናስቀድም። ዋትን ለቮልት ስናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን 110 ዋት ነው፤ ለ12 ሲካፈል 9.2 አምፔር ገደማ ይሆናል። ሁለት ባለ 100 ዋት ከሆነ ወደ 16.7 አምፔር ይደርሳል። ጸሐፊው ኤልኢዲ ያነሰ ይበላል ያሉት ልክ ነው፤ እንዲያውም ካርቶኑ ላይ 180 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ባር በቴስተር ሲለካ ግማሹን እንኳ የማይስብበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ትቶ መለካት ይሻላል። የቴስተሩ ቀይ ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ይገባል፣ ቴስተሩ ከመብራቱ ፖዘቲቭ ጋር በተከታታይ ይያያዛል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አብርቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ከ10 አምፔር በላይ ይስባል ተብሎ የሚገመት መብራት ግን በዚህ መንገድ አይለካም፤ የቴስተሩ የራሱ ፊውዝ ይቃጠላል።

አሁን የፓርኪንጉን መስመር እንይ። በዚያ መስመር ላይ የፊት ፓርኪንግ፣ የኋላ ቀይ መብራቶች፣ የታርጋ መብራትና የዳሽቦርድ መብራት አሉ። ሁሉም በአንድነት ከ2.5 እስከ 3 አምፔር ገደማ ይስባሉ፤ ፊውዛቸውም ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ነው። በዚህ ላይ 9.2 ሲጨመር 12 አምፔር ይደርሳል። ባለ 10 ፊውዝ በ12 አምፔር ወዲያው አይቃጠልም፤ ይሞቃል፣ ይቆያል። ቤት ደጃፍ ላይ ሲሞከር ጥሩ የሚሠራ መስሎ የሚታየውም ለዚህ ነው። መንገድ ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ መብራቱ ለረጅም ጊዜ በርቶ ሳለ ይቆረጣል። ሲቆረጥ የሚጠፋው ደግሞ የጨመሩት መብራት ብቻ አይደለም። የኋላ ቀይ መብራቱ፣ የታርጋውና ዳሽቦርዱ አብረው ይጠፋሉ። ሊማሊሞ ኩርባ ላይ ከኋላ ጭነት የያዘ አይሱዙ እየተከተለ የኋላ መብራት መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሪሌ ትርፍ ወጪ ያልሆነው ለዚህ ነው። ሪሌ በትንሽ ጅረት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ ነው። ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ የሚፈልገው ከ0.15 እስከ 0.2 አምፔር ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ከየትኛውም መስመር ቢወሰድ ማንንም አይጎዳም። የመብራቱ ጅረት ደግሞ በራሱ ፊውዝና በራሱ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ኤልኢዲው 5 አምፔር ብቻ ቢስብም ሪሌ ይደረግ እንላለን። አንዱ ምክንያት ማብሪያው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ትናንሽ ማብሪያዎች ጀርባቸው ላይ 16 አምፔር ቢጻፍባቸውም አጠገቡ ያለው የቮልት ቁጥር 125 ወይም 250 ነው። ያ የቤት ተለዋዋጭ ጅረት ልክ ነው። የባትሪ ቀጥተኛ ጅረት ሲቋረጥ ብልጭታው ቶሎ ስለማይጠፋ የማብሪያውን ከንፈር (የሚነካካውን ብረት) ይበላዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ወይ ተጣብቆ አልጠፋም ይላል ወይ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ሪሌ ሲገዛ ገላው ላይ 12 ቮልት መባሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ስለሆኑ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ይቀመጣሉ፤ መልካቸውም አንድ ነው። ባለ 24ቱ በ12 ቮልት አይስብም፤ ወይም እየተንቀጠቀጠ ይስብና ከንፈሩን ያቃጥላል። ሌላው ነገር ጥርሱ ነው። አራት ጥርስ ያለው ሪሌ 30፣ 85፣ 86 እና 87 የሚሉ ቁጥሮች አሉት፤ 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ 87 ወደ መብራት፣ 85 እና 86 የጥቅሉ ሁለት ጫፎች ናቸው። አምስት ጥርስ ያለው መሐል ላይ 87ኤ የሚባል ይጨምራል። 87ኤ ሪሌው ሳይስብ ከ30 ጋር የተገናኘ ነው፤ መብራቱ እዚያ ላይ ከታሰረ ማብሪያው ሲጠፋ ይበራል፣ ሲበራ ይጠፋል። አንዳንዱ ሪሌ ግን መሐሉ ላይም 87 ነው የሚለው፤ ያ ሁለተኛ መውጫ ስለሆነ ለሁለተኛው መብራት ይሆናል። ቁጥሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በስልክ ካሜራ አጉልቶ ማንበብ አያሳፍርም።

ፊውዙ ሲቃጠል ከፍ ያለ ማስገባት

ከምክሮቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆያለን። ፊውዝ የተሠራው ለሽቦው እንጂ ለመብራቱ አይደለም። ቁጥሩ የሚመረጠው በሁለት ወሰን መካከል ነው፦ መብራቱ ከሚስበው በላይ፣ ሽቦው ከሚችለው በታች።

የፋብሪካው የፓርኪንግ ሽቦ ቀጭን ነው። ባለ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ብንወስድ በየሜትሩ 0.025 ኦም ገደማ መቋቋም አለው። 10 አምፔር ሲያልፍበት በየሜትሩ 2.5 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ በእጅ ቢያዝ ለብ ይላል። ባለ 10ሩ ፊውዝ ወጥቶ ባለ 30 ገብቶ፣ የሆነ ቦታ ሽቦው ከላሜራ ጋር ተነካክቶ 30 አምፔር ቢያልፍበት ግን በየሜትሩ 22.5 ዋት ይሆናል። አምፔሩ ሦስት እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ያድጋል። ሽቦው ደግሞ ብቻውን አየር ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከሌሎች ሃያ ሠላሳ ሽቦዎች ጋር ታስሮ ከምንጣፍና ከዳሽቦርድ ፕላስቲክ ሥር ነው የሚያልፈው። ሽፋኑ ሲቀልጥ ጎረቤቶቹን ይነካል፣ እነሱም በየራሳቸው መስመር ሾርት ይሆናሉ። ፊውዙ ግን አይቆረጥም፤ ባለ 30 ነዋ! ፊውዝ በሽቦ ክር ወይም በሲጋራ ብርማ ወረቀት መቀጠልም ከዚህ አይለይም፣ ይብሳል እንጂ።

የፊውዙ ቦታስ? ጽሑፉ ከመብራቱ አጠገብ ይላል። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ባትሪ በሾርት ጊዜ ብዙ መቶ አምፔር ይለቃል። ፊውዙ ፓራውልት አጠገብ ሆኖ ሽቦው ራዲያተሩ ጎን ከላሜራ ጋር ቢፋቅ ያ ሁሉ ጅረት ፊውዙን ሳያገኘው ወደ ማሳ ይሄዳል። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሳንቲ ሜትር መራቅ የለበትም።

ቁጥሩን ለመምረጥ መብራቱ የሚስበው ከፊውዙ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። ለሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን 15 አምፔር ፊውዝ ከባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ጋር፤ ለሁለት ባለ 100 ዋት 25 አምፔር ከባለ 4 ሽቦ ጋር፤ ተለክቶ 6 አምፔር ለሳበ ኤልኢዲ ባር 10 አምፔር ይበቃል። ቁጥሩ የጠፋበት ፊውዝ በቀለሙ ይለያል፦ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ነጭ፣ 30 አረንጓዴ።

ፊውዝ ሲቃጠል ትልቅ ከማስገባት ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ እንዲህ ይቻላል። ከፍሬን መብራት የወጣ ባለ 21 ዋት አምፖል ሁለት ሽቦ ይታሰርለትና በፊውዙ ቦታ ይገናኝ፤ የመብራቶቹም ሶኬት ይነቀል። ማብሪያው ሲበራ አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ከሰጠ መስመሩ ላይ ሾርት አለ። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይጎዳም፣ ፊውዝም አይባክንም። ከዚያ ሽቦውን ከባትሪ ጀምሮ በስንዝር በስንዝር እየነቀነቁ መሄድ ነው፤ አምፖሉ የጠፋበት ወይም ብልጭ ያለበት ቦታ የተፋቀው ቦታ ነው። አምፖሉ ጭራሽ ካልበራ ሽቦው ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ከመብራቶቹ በአንዱ ውስጥ ስለሆነ አንድ በአንድ እየሰኩ ይለያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ነው።

የቤት ሽቦ

የቤት ግድግዳ ሽቦ አንድ ወፍራም ክር ነው። ግድግዳ አይንቀጠቀጥም፣ ፒክ አፕ ግን ይንቀጠቀጣል። በኮረኮንች መንገድ ላይ አንድ ክር ያለው ሽቦ ከማያያዣው አፍ ላይ ይደክምና ይሰበራል፤ ያውም ሽፋኑ ሳይከፈት ውስጥ ውስጡን። ለመኪና የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ ዘይትና ሙቀት የሚችል ሽቦ ነው።

ውፍረቱ ደግሞ በርቀቱ ይወሰናል። 3 ሜትር ርዝመት ባለው ባለ 1 ሽቦ 9.2 አምፔር ሲያልፍ ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ በባለ 2.5 ግን 0.2 ቮልት ብቻ። ግማሽ ቮልት ለሃሎጅን ቀላል አይደለም። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አዲስ መብራት ገዝተው ደብዛዛ ነው የሚሉ ሰዎች አምፖሉን በጠንካራ ከመቀየራቸው በፊት ሽቦውን ማየት አለባቸው፤ ዋቱ ሲጨምር አምፔሩ ይጨምራል፣ የሚቀረውም ቮልት ይጨምራልና።

ሌላም ነገር አለ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሽቦ ገበያውን ሞልቶታል፤ መቋቋሙ ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። አንድ ክር ወስዶ በቢላ መፋቅ ነው፦ ከሥሩ ነጭ ብረት ከታየ አሉሚኒየም ነው። በላይተር እሳት ሲያዝም የመዳቡ ክር ቀልቶ ይቆማል፣ የአሉሚኒየሙ ግን ቀልጦ ይበጠሳል።

ማሳ የትም ቢታሰር

ፒክ አፕ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። ጋቢናው ሻንሲው ላይ የተቀመጠው በጎማ ትራስ ነው፤ ካሶኒው በቡሎን ይታሰራል፣ በመካከሉ ቀለምና ጭቃ አለ። ፖርቶ መጋላው ደግሞ ጣራው ላይ የሚያርፈው በጎሚኒ ነው፣ ራሱም የተቀባ ነው። ጣራ ላይ ያለ መብራት ማሳውን ከፖርቶ መጋላው ከወሰደ ማሳ የለውም ማለት ይቻላል፤ አንድ ቀን ቢበራ በቡሎን ክር በኩል በዕድል ያገኘው ነው። ማሳ ሲያጣ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ጅረቱ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። አዲሱ መብራት ከፍሬቻው ጋር አንድ ዝገት ያለው ማሳ ላይ ከታሰረ ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ የፓርኪንግ አምፖሉም ፈዞ ይበራል። ይህን ያየ ሰው ዲናሞው ተበላሸ ብሎ ብዙ ያወጣል።

ደህና ማሳ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሻንሲው ወይም ከሞተር ክፍሉ ወፍራም ላሜራ ላይ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ቡሎን የሚይዝ ቦታ ይመረጣል። ቀለሙ በብርጭቆ ወረቀት የሮንዴላውን ስፋት ያህል ይፋቃል፤ ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም እስኪያበራ ድረስ። ቀለበት ጫፍ ያለው ማያያዣ በቀጥታ ብረቱ ላይ ይቀመጣል፣ በላዩ ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ ከዚያ ዳዶ። ከጠበቀ በኋላ፣ ቀድሞ ሳይሆን፣ በላዩ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ይቀባል፤ የክረምቱን ውኃና የላቫጆውን ሳሙና ይከለክላል። ለጣራና ለካሶኒ መብራት ደግሞ ከፖዘቲቩ እኩል ውፍረት ያለው ጥቁር ሽቦ እስከዚህ ቦታ ድረስ ይሳባል። ፖዘቲቩ ባለ 2.5 ሆኖ ማሳው ባለ 0.75 ከሆነ ጠቅላላ መስመሩ የቀጭኑ ያህል ነው።

ምልክቱን ከረጅም መብራት መውሰድ

ሐሳቡ መልካም ነው፦ ተጨማሪው መብራት ከረጅሙ ጋር ይብራ፣ ከረጅሙ ጋር ይጥፋ። ጽሑፉ ግን ሁሉም መኪና ረጅሙን የሚያበራው ፖዘቲቭ በመላክ ነው ብሎ ይነሳል። በጎንደር በብዛት ከሚታዩት ከቆዩት የቶዮታ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ሞዴሎች ብዙዎቹ እንዲህ አይደሉም። በነሱ ዘንድ ሦስት ጥርስ ባለው የኤች 4 ሶኬት ላይ የጋራው ጥርስ ፖዘቲቭ ነው፤ አጭርና ረጅም የሚመረጡት ማሳን በመስጠት ነው።

በዚህ መኪና ላይ የጽሑፉን ምክር የተከተለ ሰው የሪሌውን አንድ ጫፍ ማሳ፣ ሌላውን ረጅሙ ጥርስ ላይ ያስራል። አጭሩ ሲበራ የረጅሙ ጥርስ ማሳ አላገኘም፤ ስለዚህ በአምፖሉ ክር በኩል ሙሉ 12 ቮልት ይደርሰዋል። ሪሌው ይስባል፣ ተጨማሪው መብራት በአጭሩ ጊዜ ይበራና ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ረጅሙ ሲበራ ጥርሱ ማሳ ይሆናል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ብርሃኑ በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። ፍጹም ተገላቢጦሽ። ሪሌው ተበላሽቷል ተብሎ ሦስቴ ቢቀየርም ያው ነው።

መለየቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የግራና የቀኝ ሁለቱም የፊት አምፖል ሶኬቶች ይነቀሉ። አንዱ ብቻ ከተነቀለ በሌላው አምፖል በኩል የሚመለሰው ቮልት ያሳስታል። ቴስተሩ 20 ቮልት ቀጥተኛ ላይ ይደረግ፣ ጥቁሩ ገመድ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩ በየጥርሱ። በአጭርም በረጅምም 12 ቮልት ሳይለቅ የሚያሳይ አንድ ጥርስ ካለ ያ የጋራው ነው፣ መኪናውም በማሳ የሚመርጥ ነው። ቮልቱ ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ በፖዘቲቭ የሚመርጥ ነው፤ የጽሑፉ ምክር የሚሠራው በዚህኛው ላይ ብቻ ነው። በማሳ በሚመርጠው ላይ 86 ከጋራው ፖዘቲቭ፣ 85 ደግሞ ከረጅሙ ጥርስ ጋር ይታሰራል። የረጅሙን ጥርስ ለማግኘት ቀዩን የቴስተር ገመድ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ አድርጎ ጥቁሩን በየጥርሱ መንካት ነው፤ ረጅሙ ሲበራ 12 ቮልት የሚያሳየው እሱ ነው። ከ85 እና 86 ፖዘቲቩን ሁልጊዜ ለ86 መስጠት ልማድ ቢሆን ደግ ነው፤ ውስጡ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ያለበት ሪሌ ከተገለበጠ በቀጥታ ሾርት ይሆናልና።

የፊት መብራታቸው ከፋብሪካ ኤልኢዲ በሆነና በኮምፒውተር በሚቆጣጠሩ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከፊት መብራቱ ሽቦ ምንም መጥለፍ አይገባም፤ የተለየ ማብሪያ ይሻላል።

መጠምዘዝና ናስትሮ

በአጭሩ፦ ናስትሮ ሙጫው በሞተር ሙቀት ይለቃል፣ በመተማ የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ቆሞም ይለቃል። መገጣጠሚያው በትክክለኛው ፒንሳ ተጨምቆ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይሸፈን። በሶልደር መበየድ መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ሶልደሩ የጠጣው ሽቦ ግትር ስለሚሆን ከብየዳው ጫፍ ላይ እንዳይሰበር ሁለቱም ወገን መታሰር አለበት።

ለጭጋግ ጣራ ላይ ባር

ጭጋግ የውኃ ጠብታ ነው፤ ብርሃንን ወደ መጣበት ይመልሳል። መብራቱ ወደ ዓይን ከፍታ በቀረበ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን በቀጥታ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመጣል፣ ከፊቱም ነጭ ግድግዳ ይቆማል። የጣራ ባር ለዚህ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው፤ ኮፈኑ ላይ የሚያርፈው ጨረር ሳይቆጠር። ጭጋግ የሚፈልገው ዝቅ ያለ፣ ሰፊና ከላይ በቀጥታ መስመር የተቆረጠ ጨረር ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ የፊት የጭጋግ መብራት ለቀላል መኪና ከመሬት ከ25 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር መካከል እንዲሆን የሚያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢጫ ይሁን ነጭ የሚለው ክርክር ከቦታውና ከጨረሩ ቅርጽ በጣም ያነሰ ነው።

ሊማሊሞ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። መንገዱ ከደባርቅ ደጋ ከ1000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ነው። ሩቅ የሚወረውር ጠባብ ጨረር ኩርባው ላይ የሚያበራው ገደሉን ነው፤ ሹፌሩ ማየት ያለበት ግን የመንገዱን ጠርዝና የሚቀጥለውን እጥፋት ነው። ረጅም ባር ጥቅሙ ወደ መተማ በሚወስደው ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ እሱም ከረጅሙ መብራት ጋር ብቻ እየበራ፣ ከፊት መኪና ሲመጣ እየጠፋ። ቦታውም ፓራውልት ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ የራዲያተሩን አየር ሳይዘጋ።

የጭጋግ መብራቱን ለማስተካከል ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቆ ማቆም ነው። የጨረሩ የላይኛው መስመር ግድግዳው ላይ ከመብራቱ መሐል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይህ የሚደረገው መኪናው የለመደውን ጭነት ይዞ ነው። ባዶውን የተስተካከለ መብራት ካሶኒው ላይ 8 ኩንታል ሰሊጥ ሲጫን አፍንጫው ይነሳና ሰማይ ያያል።

ግማሽ ሰዓቱ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው እንኳ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለሁለት ባለ 55 ዋት መብራት የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አንድ ባለ 12 ቮልት ከ30 እስከ 40 አምፔር ሪሌ ከነሶኬቱ፣ አንድ ውኃ የማያስገባ የፊውዝ ቤት፣ ሦስት ባለ 15 ፊውዝ (ሁለቱ ለመጠባበቂያ)፣ ለማብሪያው መስመር አንድ ባለ 5 ፊውዝ ከነቤቱ፣ 4 ሜትር ቀይና 3 ሜትር ጥቁር ባለ 2.5 ሽቦ፣ 5 ሜትር ባለ 1 ሽቦ ለማብሪያው፣ አራት ቀለበት ማያያዣ፣ 5 ሜትር የተሸበሸበ የፕላስቲክ ቱቦ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያና አንድ ማብሪያ።

ጸሐፊው ባትሪው ይፈታ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ከፖዘቲቩ ይጀመር ማለታቸው ግን ስህተት ነው። ቀድሞ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው። ፖዘቲቩን ሲፈቱ ቁልፉ ላሜራ ቢነካ ኔጌቲቩ ገና የታሰረ ከሆነ ቁልፉ ራሱ ሾርት ይሆናል። ሲታሰር በተቃራኒው ነው፣ ኔጌቲቩ መጨረሻ።

ከዚያ መብራቶቹ ይታሰራሉ፣ ሪሌው ከጭስ መውጫውና ከተርቦው ርቆ ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀላል፣ ውኃ እንዳይጠራቀምበት። ወደ እሱ የሚገባው ሽቦ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ የሚንጠባጠበው ከእጥፋቱ ላይ ይውረድ። ወደ ጋቢና የሚገባው ሽቦ በነባሩ ጎሚኒ በኩል ይለፍ፤ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ያለ ጎሚኒ ላሜራው ሽቦውን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። በዳሽቦርድ ሥር ቢጫ ሶኬት ያለው ሽቦ የኤርባግ ስለሆነ አይነካ። የማብሪያው ፖዘቲቭ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚሠራ መስመር ይወሰድ፤ አለዚያ 110 ዋት መብራት ተረስቶ ቢያድር ባለ 70 ባትሪን በአራት ሰዓት ውስጥ ግማሹን ይጨርሰዋል፣ ጧት ሞተሩ አይነሳም።

መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ በርቶ ይለካ። ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ይጠበቃል። ቀዩ የቴስተር ገመድ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ የመብራቱ ፖዘቲቭ ላይ ሲሆን ከ0.4 በላይ ካነበበ ሽቦው ቀጥኗል ወይም መገጣጠሚያው ላልቷል። ከመብራቱ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ደግሞ ከ0.1 በላይ ካነበበ ማሳው እንደገና ይፋቅ። ይህ ካለፈ በኋላ መብራቱን ለሃያ ደቂቃ አብርቶ የፊውዝ ቤቱንና የሪሌውን ሶኬት በጣት መንካት ነው። ለብ ማለት ያለ ነው። ጣት የማያስቆይ ሙቀት ካለ ግን ከነዚያ ጥርሶች አንዱ አልያዘም፤ ተነቅሎ አፉ በፒንሳ ጠበቅ ተደርጎ ይሰካ። አንድ ሳምንት ኮረኮንች ከተነዳ በኋላም ያንኑ መንካትና የማሳውን ዳዶ በልኩ ቁልፍ አንዴ መሞከር ያስፈልጋል።